የቅዳሜ ጠብታ

ለደብረ ማርቆስ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም ገላችሁን በሳፋ ለምትታጠቡ፦ ጥር ሃያ አንድ ቀን 2001 ዓ.ም. ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የአቶ ይስማው ሻወር በታላቅ ድምቀት ተመርቆ መከፈቱን ስናስታውቅ ከፍ ያለ ደስታ ይሰማናል።

የማያምን ካለ ሪባኑ እስካሁን በቡፌው መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቆራጩ ራሳቸው አቶ ይስማው ነበሩ። የሚጋበዝ ባለሥልጣን ጠፍቶ አይደለም፤ ከእርሳቸው የሚበልጥ ስላልታያቸው ነው። አቶ ይስማው በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሹም ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ከአባታቸው በወረሱት ቦታ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አቆሙ። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ። የላዩ አክሊል ደግሞ ይኸው ሻወር ነው፦ ከወለል እስከ ኮርኒስ ነጭ ሴራሚክ፣ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ጥለት የዞረበት።

«ወገኖቼ!» አሉ መቀሱን እንደያዙ። «በዚህ አገር ሰው የታጠበ ይመስለዋል እንጂ እስከ ዛሬ አልታጠበም። ተርከፍክፏል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ሳፋና ቅል ታሪክ ሆነዋል። ቆሞ የሚታጠብ ትውልድ ተፈጥሯል!»

ተጨበጨበ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ብቻ፣ «ቅሌ ደግሞ ምን አደረገችህ?» ብለው አጉረመረሙ።

ቧንቧው ተከፈተ። ሁለት ጊዜ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ቀይ አፈር ተፋ፣ ከዚያም ወረደ። ከላዩ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደ ንብ ቀፎ እምም ይል ጀመር። ልጃቸው ማንጠግቦሽ እጇን ሰደድ አድርጋ እንደተቆነጠጠ ሰው ሰበሰበች።

«አባዬ፣ ይነዝራል!»

«ሙቀት ነው።»

«ሙቀት እስከ ክርን ይወጣል እንዴ?»

«ዘመናዊ ሙቀት ነው» ብለው ዘጉት፤ ቧንቧውንም ነገሩንም።

በማግሥቱ በሩ ላይ ደንብ ተለጠፈ። የሰፈሩ ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን ስለሚመጣ ደንቡም ሦስት አንቀጽ ነበረው። ማክሰኞ ማንጠግቦሽ። ሐሙስ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት። ቅዳሜ የቤቱ ባለቤት፣ «በዚህ ዕለት በር ማንኳኳት፣ መጣራትና በመተላለፊያው መመላለስ በጥብቅ የተከለከለ ነው»። ታች ማኅተም የሚመስል ነገር ነበረበት። ጡረታ ሰውን ከመሥሪያ ቤት ያወጣል እንጂ መሥሪያ ቤትን ከሰው አያወጣም።

በየካቲት መጨረሻ ሻወሩ ወደ ታች መናገር ጀመረ።

ከሻወሩ ሥር ያለውን ሱቅ የተከራየው ጨርቅ ነጋዴው ሙሐመድአሚን ነው። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ቢጫ ነጥብ አየ። በሦስተኛው ሳምንት የሰፌድ ያህል ሆነች። በአራተኛው አንዲት ጠብታ ከመሃሏ ተላቃ አቡጀዲ ላይ አረፈች። ሙሐመድአሚን በሥርዓት ያደገ ሰው ስለሆነ አልጮኸም፤ ደረጃውን ወጥቶ አንኳኳ።

«ጋሽ ይስማው፣ የእርስዎ ውኃ እኔ ዘንድ እየመጣ ነው።»

«ውኃ?»

«እንግዳ አልጠላም። ግን ጨርቅ ላይ እየተቀመጠ ነው።»

«የምን ጨርቅ?»

«አቡጀዲ። ለከፈን የሚገዙት።»

«እንግዲያው ገዢው አይቆጣም» አሉ አቶ ይስማው፤ ቀልዱ ስላማራቸው ደገሙት። ሙሐመድአሚን አልሳቀም። ባልሳቀ ጊዜ ምርመራው ተከፈተ። መጀመሪያ ዝናብ ነው ተባለ፤ በመጋቢት ሰማይ ላይ ግን ደመና የሚባል አልታየም። ቀጥሎ አይጥ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን አቶ ይስማው ጣታቸውን አነሡ።

«አንተ በቀን አምስት ጊዜ ትታጠባለህ አይደል? ለስግደት?»

«ውዱእ አደርጋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።»

«በቃ!»

«ጋሼ፣ እኔ ከታች ነኝ። ውኃ ወደ ላይ የሚያፈስ ውዱእ ገና አልተማርኩም።»

ዝናቡም አይጡም ውዱኡም በነፃ ሲሰናበቱ የቀረ አንድ ተከሳሽ ነበር፤ ሴራሚኩን የለጠፈው እንዳላማው።

እንዳላማው የሉማሜ ልጅ ነው። ሙያውን አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ሀብት አንድ የግንበኛ ውኃ ልክ ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ ይዞት ይዞራል። የክሱ ወሬ ያስፈራው በአቶ ይስማው ምክንያት አይደለም። ደብረ ወርቅ አጠገብ ያለ አንድ ደብር ለምዕመናን የእንግዳ ማረፊያ ያሠራ ነበር፤ ስምንት ሻወር፣ ሁሉም ባለ ሴራሚክ። የሥራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ የአቶ ይስማው የአክስት ልጅ የቅኔው መምህር መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። መሪጌታ ቃላቸው አጭር ነበር፦ «የይስማውን ሻወር አይቼ እወስናለሁ። ደረቅ ከሆነ ሥራው ያንተ ነው። ካፈሰሰ ግን ምዕመናንን ለማጥለቅለቅ ዮርዳኖስ ይበቃናል።»

ስለዚህ እንዳላማው የሚያጣው ስምንት ሻወር ብቻ አልነበረም። ሉማሜ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ወሬ በአውቶቡስ ወርዶ ሻይ ቤት ይቀመጣል። «ያ የሚያፈሰው ልጅ» ከተባለ፣ ከደጀን እስከ ማርቆስ የዶሮ ቤት እንኳ የሚያስለጥፈው አያገኝም።

መጣ። ሲገባ ጫማውን አወለቀ፤ ወደ ገዛ ሥራው እንደ ቤተ መቅደስ ነበር የሚገባው።

«ጋሼ፣ ከመፍረድዎ በፊት ሦስት ቀን ይስጡኝ። ውኃ ሦስት መንገድ ብቻ ነው ያለው። ወይ ከቧንቧው ያመልጣል፣ ወይ ከወለሉ፣ ወይ ከግድግዳው።»

«ወይ ከሠሪው» አሉ አቶ ይስማው።

በመጀመሪያው ቀን ውኃ ሲመጣ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪው ፊት ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ አፍጥጦ አየው። መርፌዋ ዝንብ ያህል አልተነቃነቀችም። ስለዚህ የተቀበረው ቱቦ ደህና ነው።

በሁለተኛው ቀን የወለሉን መውረጃ በፌስታልና በጨርቅ ደፍኖ እስከ ቁርጭምጭሚት የተጠራቀመ ውኃ ሞላበት፤ ከፍታውንም ሴራሚኩ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ውኃው ከታች ብቅ ካለ እንዲታወቅ ማቅለሚያ ሲፈልግ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ለጾም የቀቀሉትን ቀይ ሥር አስታወሱና ውኃውን ከነድስቱ አመጡለት። ወለሉ የበግ መታረጃ መሰለ። ይህን የሰማው ሙሐመድአሚን ሱቁ ውስጥ ያለውን ነጭ ጨርቅ ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ወደ ማዶው ግድግዳ አሸሸ፤ ጣሪያው ላይ ዓይኑን ተክሎም ዋለ። ከጠዋት እስከ ማታ ቀይ ቀርቶ ላብ የሚያህል አልወረደም። የእርሳሱም ምልክት በቦታው ነበረ።

«ወለሉ ንጹሕ ነው» አለ እንዳላማው። «ብዙ ሰው ውኃ የሚያቆመው ሴራሚክ ይመስለዋል። ሴራሚክ ጌጥ ነው ጋሼ። ውኃ የሚያቆመው ከሥሩ የሚቀባው ሬንጅ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ቀብቼዋለሁ፤ ግድግዳውንም እስከ ጉልበት አውጥቼዋለሁ። ከዚያ በላይ ውኃው ስለማይቆም፣ በሴራሚኩ መገጣጠሚያ የሚሞላው ቦያካ ይበቃዋል።»

«ቦያካህ ሐምራዊ ሆኗል።»

«በሎሚ ይለቃል ጋሼ።»

በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም ግድግዳ በየተራ በዚያው ቀይ ውኃ ከላይ እስከ ታች ሲያጥብ ዋለ። ከታች ምንም የለም። ንጹሕ ቧንቧ፣ ንጹሕ ወለል፣ ንጹሕ ግድግዳ፣ እርጥብ ጣሪያ። እንዳላማው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ ልኩን አቀፈው።

«ሳይንስህ አለቀ?» አሉ አቶ ይስማው። «እንግዲያው የአባቴን ሳይንስ ተመልከት። አባቴ ጭቃ ሹም ሆኖ የጠፋ በሬ ሁሉ የሚያገኘው በአውጫጭኝ ነበር። በሬን ያገኘ፣ አንዲት ጠብታ ያቅተዋል? እሑድ ከቅዳሴ መልስ!»

አውጫጭኝ ለማታውቁ፦ ቀድሞ በባላገር ነገር ሲጠፋ መንደሩ በሙሉ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁሉም «አላደረግሁም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። ግን ሰው ጎረቤቱን ፊት ለፊት መክሰስ ስለሚያፍር፣ አንድ በአንድ ወደ ሽማግሌው ጆሮ እየቀረበ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ብሎ ያንሾካሹካል። ወፏ ስሟ አይጠየቅም፣ አትከሰስም። በአገራችን ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት ያለ ችግር የሠራው ለዚህች ወፍ ብቻ ነው።

እሑድ ሆነ። ግቢው ውስጥ ካለው ብሳና ሥር ወንበር ተደረደረ። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ፤ ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ ጉልበታቸው ታጥፎ መጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ማንጠግቦሽ ጸሐፊ ሆነች። አቶ ይስማው ለራሳቸው የመሐል ወንበር፣ ጠረጴዛና ባለ ጥቁር ሽፋን መዝገብ አዘጋጅተዋል።

«ይህ የተከበረ አውጫጭኝ፣ በሻወሩ ላይ የተፈጸመውን ድርጊት...»

«ይስማው፣» አሉ መሪጌታ «አጠር አድርገው። ገና እህል አልቀመስኩም፤ የሆዴ ድምፅ ከድምፅህ በልጧል።»

መሐላው ዞረ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት በኪዳነ ምሕረት ማሉ፤ ከማሉ በኋላ ግን አልተቀመጡም።

«እግረ መንገዴን እኔም ክስ አለኝ። ከጥር ወዲህ የውኃ መቅጃ ቅሌ ጠፍታለች። ማንጠልጠያዋን በገዛ እጄ በቀይና በአረንጓዴ ክር የገመድኩላት።»

«ወይዘሮ፣ ይህ ጉዳይ ከተያዘው አጀንዳ ጋር ግንኙነት የለውም» አሉ አቶ ይስማው በችኮላ።

«ወፍ ካለች ለሷም ትጠየቅልኝ ነዋ! ለጠብታ የመጣች ወፍ ለቅል አትመጣም?»

«በሌላ ቀጠሮ!»

ሙሐመድአሚን ወፍ ሊሆን ሲነሣ ደግሞ አስቀመጡት። «ከሳሽ ምስክር አይሆንም። ሥነ ሥርዓት ነው።» በዚህም ጣሪያውን ዘወትር የሚያየው ብቸኛ ሰው፣ ስለ ጣሪያው እንዳይናገር በሕግ ተከለከለ። አቶ ይስማውም ራሳቸው አልማሉም። ዳኛ ይምላል እንዴ?

ወፎቹ መብረር ጀመሩ። መሪጌታ በየተራ ጆሯቸውን ሰጥተው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጀመሪያዋ ወፍ የምትለው፣ አንዲት ልጅ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠጉሯን ስትታጠብ ዓባይ ይሞላል ነው።»

«እማዬ!» አለች ማንጠግቦሽ ብዕሯን ጥላ።

«ወፍ ናት፤ እኔ ምን አውቄ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ወደ ብሳናው ቀና ብለው።

«ሁለተኛዋ ወፍ ደግሞ፣ አንዲት ባልቴት ሐሙስ ሐሙስ እታጠባለሁ ብለው ገብተው ጌሾ ያጥባሉ ትላለች።»

«አንቺ!»

«ወፍ ናት እማዬ።»

«ሦስተኛዋ» አሉ መሪጌታ፣ ወደ አክስታቸው ልጅ ሳያዩ፣ «ይህች የፍርድ ቤት ወፍ ናት መሰል፣ በአንቀጽ ነው የምትናገረው። ጥፋቱ የሴራሚክ ሠሪው ነው፤ ይህም ለኮሚቴው ይገለጽ ትላለች።»

እንዳላማው መሬት መሬት አየ። መሪጌታ የምሳ ዕረፍት ካወጁ በኋላም ከወንበሩ አልተነሣም። ሙሐመድአሚን ቀስ ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ፣ ሦስት ቀን ስትፈትሽ እኔን አንድ ነገር ሳትጠይቀኝ።»

«ምን ልጠይቅህ? እርጥብ ነው ወይ ደረቅ ነው ብዬ?»

«መቼ ነው ብለህ።»

እንዳላማው ቀና አለ።

«ስንረጥብ የከረምነው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው» አለ ሙሐመድአሚን። «ከአምስት ሰዓት በኋላ። መደርደሪያዬ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌያለሁ፤ ሰባት ምልክት፣ ሰባት ቅዳሜ። ማክሰኞ ምንም። ሐሙስ ምንም። ወላሂ፣ ልጅቱ ዓባይን ብታወርደው እንኳ እኔ ዘንድ አይደርስም።»

እንዳላማው ነገሩ ቀስ እያለ ገባው። ደንቡን አስታወሰ፤ አንቀጽ ሦስት። ውኃ ልኩን ከላይ የረሳ መስሎ ደረጃውን ወጣ።

ጫማውን አውልቆ ገባ። ቆሞ ፈትሾት ነበረና አሁን ተንበረከከ። መጀመሪያ ያየው ወለሉ ላይ ሦስት ክብ የእግር ዱካ ነው፤ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ፣ የበርጩማ እግር የሚያህሉ። በርጩማው ያለበት ቦታ ላይ እሱም ቁጢጥ አለና ወደ ግድግዳው እጁን ዘረጋ። ጣቱ ያረፈበት መገጣጠሚያ ላይ ቦያካው ሐምራዊ አልነበረም። ሌላው ሁሉ ቀይ ሥሩን ሲጠጣ ይህቺ ነጥብ ብቻ አልጠጣችም። በጥፍሩ ጫን አላት፤ ገባችለት። አሸተታት።

ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አገኘኸው?» አለው ሙሐመድአሚን።

«ምነው ባላገኘሁ። እንዴት ብዬ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ወንበራቸው...»

«ሞኝ! ወፍ አለህ አይደል? ለመቼ ልታስቀምጣት ነው?»

እንዳላማው ወደ መሪጌታ ቀረበ። ረጅም ጊዜ አንሾካሾከ። መሪጌታ መጀመሪያ ቅንድባቸውን አነሡ፣ ቀጥሎ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ በመጨረሻ በመቋሚያቸው ደረጃውን ወጡ። ከላይ የመቋሚያው ድምፅ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ተሰማ። ከዚያ ቆመ።

ተመልሰው ተቀመጡ።

«አራተኛዋ ወፍ ሰው አልከሰሰችም» አሉ። «የተናገረችው ስለ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው። በሚስማር የተበሳች ናት። ቆሞ ለሚታጠብ ሰው በጣም ዝቅ ያለች፣ ተቀምጦ ለሚታጠብ ግን ልክ እጁ የምትደርስበት። ወፏ እንደምትለው ውኃው በሚስማሩ ዳርና ዳር ይገባና ከሴራሚኩ ጀርባ፣ ከሬንጁም ጀርባ ወርዶ ወደ ሙሐመድአሚን ይሄዳል። ሚስማሩ ሥራውን ሲጨርስ ይነቀላል፤ ቀዳዳዋም ትደፈናለች። ስለዚህ ሠሪው በሌላ ቀን ቢፈትሽ አያገኛትም።»

«በምን ትደፈናለች?» አለች ማንጠግቦሽ እየጻፈች።

«ይህን ወፍ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሽታው ጋር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። የጧፍ ሰም ነው።»

አቶ ይስማው መዝገቡን ገለጡ። ባዶ ገጽ ነበር፤ አተኩረው አነበቡት።

«ወፏ ስም ስላልጠራች እኔም አልጠራም» ቀጠሉ መሪጌታ። «ግን ነገ ወደ ደብረ ወርቅ እመለሳለሁ። ኮሚቴው ሻወሩ አፈሰሰ ወይ ሲለኝ አፍስሷል እላለሁ፤ አልዋሽም። ማን አደረገው ሲለኝ ደግሞ፣ የበሳው እጅ ካልታወቀ የሚጠየቀው የለጠፈው እጅ ነው። ጥሩ ሕግ ነው አላልኩም። ግን እንዲህ ነው የሚሆነው።»

እንዳላማው ውኃ ልኩን ከፎጣው አውጥቶ መልሶ ጠቀለለው፤ እንደገና አወጣው። እጁ ሥራ ካጣ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። ሙሐመድአሚን ወደ ሱቁ ጣሪያ አቅጣጫ እያየ ሳል የሌለው ሳል ሳለ። ብሳናው ላይ አንዲት እውነተኛ ወፍ አርፋ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ምንም ማለት አልፈለገችም።

አቶ ይስማው ልጁን አዩት። ከዚያ መዝገቡን አዩት። እንደገና ልጁን አዩት። የሪባኑ ቀን የጨበጨበው ሕዝብ በሙሉ በዚያች ደቂቃ በዓይናቸው ፊት ሳያልፍ አልቀረም፤ ቆሞ የሚታጠበው ትውልድ ከነጭብጨባው። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ፍርድ ቤት እንደሚቆም ሰው የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

ያወጡት አንድ ረጅም ሚስማር ነበር። መዝገቡ ላይ ሲያስቀምጡት ቀጭ አለ።

«ይጻፍ» አሉ። ድምፃቸው የመዝገብ ቤት ድምፅ ነበር። «ቧንቧው ደህና ነው። ወለሉ ደህና ነው። ቦያካው፣ ቀለሙ ሳይቆጠር፣ ደህና ነው። እንዳላማው ከጥፋቱ ነፃ ነው፤ ይህም ለደብረ ወርቁ ኮሚቴ በቃልም በጽሑፍም ይገለጽ። የሙሐመድአሚንን ጣሪያ እኔ አስለስናለሁ። ሴራሚኩን የበሳሁት እኔ ነኝ።»

እንዳላማው ውኃ ልኩን በፎጣው ጠቅልሎ አቀፈው። ሙሐመድአሚን ትከሻውን ያዘለት።

«ስምንቱንም ጀምር» አሉት መሪጌታ። «አንድ ነገር ብቻ ታዘዘኝ፦ በየሻወሩ ከመቀመጫ ከፍታ ላይ፣ አንተው ራስህ፣ ገና ስትለጥፈው በደንብ የታሸገ መስቀያ አድርግበት። ምዕመናን ብዙ ዓይነት ናቸው።»

ማንጠግቦሽ ግን ጸሐፊ ነበረችና ብዕሯን አላነሣችም። የአባቷ ልጅ ናት።

«አባዬ፣ ‹ምክንያት› የሚል መስመር አለ እዚህ ጋ። ‹ይነዝራል› ብዬ ልጻፍ?»

አቶ ይስማው የኮታቸውን ቁልፍ ፈተው መልሰው ቆለፉ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ጎንበስ አሉ። ሚስማሩን አነሡት። በራሱ ሥር ሁለት ስስ ክር ተጠምጥሞ ቀርቷል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ክሩን በጣታቸው አሻሹት፣ የገዛ ግምዳቸውን አወቁት፤ ከዚያም ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ፣ ከዚያም ከራስ እስከ እግር ተመለከቷቸው።

«ይስማው» አሉ፤ ሳቃቸው ጉሮሯቸው ላይ ተንጠልጥሎ። «ቅሌስ?»

«አላብራራም» አሉ አቶ ይስማው።